የጓሮ ባቡር መገንጠያ ለምን ባቡር ይጥላል? በእጅ ሐዲድ ስትሠሩ የሚበላሹ ነገሮች

"በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለውን ስፋት ለክቼዋለሁ፤ 45 ሚሊሜትር ነው። ታዲያ ባቡሩ መገንጠያው ላይ ሲደርስ ለምን ይወድቃል?"

የጓሮ ሞዴል ባቡር የጀመረ ሰው ውሎ አድሮ ይህን ይጠይቀኛል። ፎቶም ያስከትላል። ሐዲዱ ያምራል። እንጨቱ በወጉ ተደርድሯል። ብየዳውም ንጹሕ ነው። ባቡሩ ግን እዚያች ቦታ ሲደርስ ዘሎ ይወጣል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ሐዲዱ ላይ አይገኝም። ጎማው ላይ ነው።

ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች እነሆ። ሁሉንም እኩል አላብራራም። ብዙ ሰው ተስፋ የሚያስቆርጠው ላይ እቆያለሁ።

መጀመሪያ በስሞቹ እንግባባ። መገንጠያ ማለት አንዱ መስመር ለሁለት የሚከፈልበት ነው። ምላስ የምላቸው ወዲያና ወዲህ እየተንቀሳቀሱ ባቡሩን ወደ አንዱ መስመር የሚመሩትን ሁለት ሹል ሐዲዶች ነው። አፍንጫ ደግሞ ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት፣ የቪ ቅርጽ ያለው ጫፍ ነው። ከአፍንጫው ግራና ቀኝ ታጥፈው የሚያልፉት ክንፎች ናቸው። በማዶ በኩል፣ ከዋናው ሐዲድ ውስጠኛ ጎን የሚቀመጠውን አጭር ሐዲድ ጠባቂ እለዋለሁ። ከስር አግድም የሚጋደሙት እንጨቶች ስሊፐር ናቸው።

ምን እንደምትሠሩ ሳትወስኑ ሐዲድ መግዛት

45 ሚሊሜትር ለሁሉም ባቡር ይሆናል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። የጀርመኑ የሞዴል ባቡር ምርት ኤልጂቢ እ.ኤ.አ. በ1968 በዚህ ስፋት የጀመረው አንድ ሜትር ስፋት ባለው መስመር ላይ የሚሄዱ ባቡሮችን በ1:22.5 አሳንሶ ነው። 1000ን ለ22.5 ብታካፍሉ 44.4 ይመጣል። እዚህ ላይ ለእኛ ደስ የሚል ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። የለገሃርን ወይም የድሬዳዋን ጣቢያ በጓሮው ለማየት ለሚመኝ ሰው 45 ሚሊሜትር ልክክ ይላል።

አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን 1435 ሚሊሜትር ነው። እሱን በዚሁ ሐዲድ ላይ ለማስኬድ ወደ 1:32 መውረድ አለባችሁ። ያኔ ሁለቱን ባቡሮች ጎን ለጎን ብታቆሟቸው ሰዎቹም በሮቹም አይመጣጠኑም። እንግሊዞች የሚወዱት 32 ሚሊሜትር ደግሞ 610 ሚሊሜትር ስፋት የነበራቸውን የተራራና የድንጋይ ካባ ባቡሮች ለመሥራት ነው። መጠኑም 1:19 ገደማ ነው። አንዱን ምረጡና በእሱ ጽኑ።

ስፋቱን ብቻ መለካት

አሁን ወደ ዋናው።

በተራ ሐዲድ ላይ ስፋቱ ልክ ከሆነ ይበቃል። ጎማው በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ትንሽ ይወዛወዛል፣ ከጎማው ውስጠኛ ጎን ወጣ ያለው ጠርዝ፣ ማለትም ከንፈሩ፣ ይመልሰዋል። መገንጠያ ላይ ግን ሐዲዱ ይቋረጣል። የጎማው ከንፈር የሚያልፍበት ክፍተት አፍንጫው ፊት የግድ መኖር አለበት። በዚያች ክፍተት ላይ ጎማውን ማን ይመራዋል? የራሱ ሐዲድ እዚያ ቦታ የለም። የሚመራው በማዶ ያለው ጓደኛው ነው። ሁለቱ ጎማዎች የተያያዙት በአንድ ዘንግ ነው። የማዶው ጎማ ጀርባውን ጠባቂው ላይ አስደግፎ ሲሄድ፣ ይኼኛው ወደ አፍንጫው እንዳይጠጋ ይይዘዋል።

ስለዚህ "ሐዲዱ ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። "በሁለቱ ጎማዎች ጀርባ መካከል ስንት አለ?" ተብሎ መጠየቅ አለበት። ይህን ሳይለካ መገንጠያ መሥራት የሚጀምር ሰው በጣም ያበሳጨኛል። ካሊፐሩ እጁ ላይ ነው። ባቡሩም ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። ገልብጦ መለካት ደቂቃ አይፈጅም። እሱ ግን አይለካም፤ ቀን ሙሉ ሐዲድ ሲሞርድ ይውላል።

በቁጥር እንየው። ሐዲዱ 45፣ በጎማዎቹ ጀርባ መካከል ያለው 40፣ የከንፈሩ ውፍረት 2 ሚሊሜትር ይሁን። በጠባቂውና በዋናው ሐዲድ መካከል፣ እንዲሁም በክንፉና በአፍንጫው መካከል የምትተዉት ክፍተት እኩል ነው እንበል።

አንደኛ፣ ጠባቂውና ክንፉ በሁለቱ ጎማዎች መካከል መግባት አለባቸው። ከ45 ላይ ሁለቱን ክፍተቶች ስትቀንሱ የሚቀረው ከ40 መብለጥ የለበትም። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍተት ከ2.5 ማነስ አይችልም። ካነሰ ጎማዎቹ ይጣበቃሉ፣ ከሐዲዱም ላይ ይነሣሉ።

ሁለተኛ፣ ጠባቂው የማዶውን ጎማ በጊዜ መያዝ አለበት። ከጠባቂው ፊት እስከ አፍንጫው ቢያንስ 40 ሲደመር 2፣ ማለትም 42 ሚሊሜትር ሊኖር ይገባል። 45 ሲቀነስ 42፣ 3 ነው። የጠባቂው ክፍተት ከ3 ከበለጠ ከንፈሩ አፍንጫውን ይመታል፤ አልያም በተሳሳተው ጎን ይገባል።

ከ2.5 እስከ 3። ያላችሁ ነፃነት ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው! "ለማንኛውም ብዬ ሰፋ አድርጌዋለሁ" የሚለኝ ሰው አለ። ባቡሩን የጣለው ያ "ለማንኛውም" ነው። በ32 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ በጎማዎቹ ጀርባ መካከል የተለመደው 28 ነው። ከንፈሩ 1.5 ቢሆን፣ በዚሁ ስሌት ክፍተቱ ከ2 እስከ 2.5 ይሆናል። የራሳችሁን ጎማ ለክታችሁ ራሳችሁ አስሉት።

አንድ ወዳጄ ከተለያየ ቦታ የሰበሰባቸው ፉርጎዎች ነበሩት። በጎማዎቹ ጀርባ መካከል ያለው በአንዳንዱ 38.5፣ በሌላው 41 ነበር። አንዱ ሲወድቅ አፍንጫውን በሞረድ ይነካካል። ያኛው ሲስተካከል ይኼኛው ይወድቃል። ጠባቂውን ያስጠጋል፣ ሌላ ፉርጎ ይጣበቃል። አፍንጫው እየተበላ አለቀ። ስሌቱን አብረን ስንሠራው ለ38.5ቱ ክፍተቱ ከ3.25 በላይ፣ ለ41ዱ ደግሞ ከ2 በታች መሆን አለበት። ሁለቱን የሚያሳልፍ መገንጠያ በምድር ላይ የለም። መፍትሔው ጎማዎቹን ዘንጋቸው ላይ ገፋ ሳብ እያደረጉ ሁሉንም 40 ማድረግ ነበር። እንደዚያ አደረግን። ከዚያ አዲስ አፍንጫ ሠራለትና ሁሉም ማለፍ ጀመሩ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ጎማ፣ ከዚያ መለኪያ፣ ከዚያ መገንጠያ። መለኪያውን ከናስ ቁራጭ ሥሩት። አንዱ 40 ይሁን፤ በጎማዎቹ መካከል ይገባል። ሌላው 42 ይሁን፤ ጠባቂውን ስትበይዱ ከአፍንጫው ያለውን ርቀት ይይዝላችኋል። በዓይን የሚገመት ነገር አይደለም።

ጠባቂው ደግሞ አጭር አይሁን። ክፍተቱ ከመጀመሩ በፊት ጀምሮ አፍንጫውን እስኪያልፍ ድረስ ይርዘም። ሁለቱን ጫፎቹን ወደ ውስጥ፣ ከዋናው ሐዲድ ራቅ አድርጋችሁ እጠፏቸው። አለበለዚያ ጎማው ጫፉን ይመታዋል። አፍንጫውንም እንደ መርፌ አታሹሉት። ትንሽ ደነዝ ይበል፣ ጫፉም ከሐዲዱ አናት በጥቂቱ ዝቅ ይበል።

ምላሱን ትቶ ዋናውን ሐዲድ መብላት

ምላሱ ሲዘጋ ዋናው ሐዲድ ላይ መለጠፍ አለበት። ጀማሪ ይህን ለማግኘት ሲል ዋናውን ሐዲድ በሞረድ ይቦረቡረዋል። አታድርጉት። ያ ሐዲድ በሌላኛው አቅጣጫ ለሚያልፈው ባቡርም መንገዱ ነው። መሞረድ ያለበት ምላሱ ነው። ጫፉ ስስ ይሁን፣ ከዋናው ሐዲድ አናት ትንሽ ዝቅ ብሎ ይጀምርና ቀስ በቀስ ይውጣ። ምላሱን ሞርሳ ላይ ስታስሩት ሁለት ጠፍጣፋ እንጨት ከጎንና ከጎን አድርጉበት፤ አለበለዚያ ሐዲዱ ይጎብጣል። ሲያልቅ ጥፍራችሁን በመጋጠሚያው ላይ አሳልፉት። ጥፍር የያዘው ቦታ ከንፈርም ይይዛል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ የተከፈተውን ምላስ ነው። ከላይ ባየነው ጎማ፣ ዘንጉ ወደ ማዶ ሲጠጋ የጎማው ጀርባ ከሐዲዱ 3 ሚሊሜትር ይርቃል። ስለዚህ የተከፈተው ምላስ ከ3 በላይ መራቅ አለበት፤ 4 ወይም 5 ቢሆን ይመረጣል። ጫፉ ላይ ብቻ ለክታችሁ እንዳትተዉት። ወደ ማጠፊያው ስትሄዱ ክፍተቱ ይጠባል፤ ጎማው ጀርባውን የሚያሸው እዚያ ነው። ጠብቦ ካገኛችሁት ምላሱን አስረዝሙት።

ሙቀትን መርሳት

ናስ በሙቀት በየሜትሩና በየዲግሪው 0.019 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። አሉሚኒየም 0.023 ነው። ትንሽ ይመስላል። አውሮፓ ወይም አሜሪካ ውስጥ ከውርጭ እስከ የበጋ ፀሐይ 50 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር፣ 10 ሜትር የናስ ሐዲድ 9.5 ሚሊሜትር ይረዝማል ማለት ነው። አሉሚኒየሙ 11.5 ነው። አገር ቤትም ቢሆን በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ቀዝቅዞ ቀኑ ሲያቃጥል ሐዲዱ ያጥራል፣ ይረዝማል።

መሄጃ ያጣ ሐዲድ ይጎብጣል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን መገንጠያውን ሲገፋው ነው። ጠዋት ሲሞከር የሠራ መገንጠያ ከሰዓት ምላሱ አይዘጋም። ባለቤቱም ምላሱን ይሞርዳል። ሲመሽ ደግሞ ክፍተት ይፈጠራል።

መገንጠያውን መሬቱ ላይ በደንብ እሰሩት። ከእሱ በፊትና በኋላ ሐዲዱ የሚንሸራተትበት መጋጠሚያ አድርጉ። የቀረው ሐዲድ ጠጠሩ ላይ እንዲሁ ይተኛ። አንድ ሰው ሲሚንቶ አፍስሶ፣ ሳይደርቅ ስሊፐሩን ከነሐዲዱ የከተተበትን አይቻለሁ። የመጀመሪያው በጋ ሐዲዱን ከምስማሮቹ ነቅሎ አወጣው። ኮንክሪት ጥሩ መሠረት ነው፤ ግን ከስር ይሁን፣ ሐዲዱም ሳይጣበቅበት።

እንጨት ሁሉ ስሊፐር አይሆንም

ባህር ዛፍ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። አገር ቤት ለሚሠራ ሰው የሐበሻ ጽድን የሚያህል አላውቅም። ብስባሴንም ምስጥንም ይቋቋማል፤ ገበሬው ለአጥር ቋሚ የሚመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ውጭ አገር ላላችሁ የአሜሪካ ቀይ ዝግባ የሚባለው ወይም ኦክ ይሻላል። ኦክ ግን ተራ የብረት ምስማርን ያዝገዋል፤ ስቴንለስ ተጠቀሙ።

አንድ ጥንቃቄ። እንዳይበሰብስ በመዳብ መድኃኒት የተነከረ አረንጓዴ እንጨት ላይ የአሉሚኒየም ሐዲድ አታስቀምጡ። መዳቡና አሉሚኒየሙ እርጥበት ሲያገኙ ሐዲዱ ከስር ይበላል፤ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል።

ምስማር ከመምታታችሁ በፊት በቀጭን ድሪል ብሱ።

አጠር አጠር አድርጌ

ናስ ሙቀት ይበላል። ለስልክና ለራዲዮ መጠገኛ የምትሆን ካውያ ሐዲድ አትበይድም። ኃይለኛ ካውያ ወይም ትንሽ የጋዝ ነበልባል ያዙ፤ ሐዲዱን በብርጭቆ ወረቀት አንጹ፤ ሲያልቅ ብየዳው እንዲይዝ የምትቀቡትን የፍላክሱን ቅሪት በውኃ እጠቡ።

ሁለቱን ምላሶች የሚያያይዘው ዘንግ ስር ጠጠር አታፍስሱ። አንዲት ፍሬ ትበቃለች ምላሱ እንዳይዘጋ።

ድቡልቡል የወንዝ ጠጠር አይረጋም። የተፈለጠ፣ ጥግ ያለው ጠጠር ፈልጉ።

በባትሪ ወይም በእንፋሎት የምታስኬዱ ስለ ኤሌክትሪክ አትጨነቁ። ኤሌክትሪኩ በሐዲዱ የሚመጣ ከሆነ ግን አፍንጫው ላይ ሁለቱ መስመሮች ይነካካሉና መነጠል አለበት። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ጎማዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ በዘንጉ በኩል የተገናኙ ስለሆኑ እንዲህ ባለ ሐዲድ ላይ ሲቆሙ ሾርት ያደርጋሉ።

መገንጠያ ዳገቱ በሚጀምርበት ቦታ አታድርጉ። ውሃ ልክ አስቀምጣችሁ በርዝመቱም በአግድሙም እዩ።

መጀመሪያ የምትሠሩት ነገር ደግሞ መገንጠያ አይሁን። ሁለትና ሦስት ሜትር ተራ ሐዲድ ሥሩ፣ እጃችሁ ይፍታታ። ከዚያ የመገንጠያውን ንድፍ በእውነተኛ መጠኑ ወረቀት ላይ አውጡና ስሊፐሮቹን ወረቀቱ ላይ ለጥፉ። ቴምፕሎት የሚባል ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። እርሳስና ማስመሪያም ይሠራል። በዓይን እየገመቱ መቁረጥ ግን ናስ ማባከን ነው፤ ናስ ደግሞ ውድ ነው።

በምርጡ ባቡር መሞከር

አዲስ መገንጠያ ሲያልቅ ሁሉም የሚያወጣው ያንን ከባዱን፣ የሚወደውን ሎኮሞቲቭ ነው። ክብደቱ ስህተቱን ይደፍነዋል፣ ባቡሩ ያልፋል፣ ቤተሰብ ያጨበጭባል። በማግስቱ ባዶ ፉርጎ ሲገፋ ይወድቃል።

የምትሞክሩት በቀላሉ፣ ባዶ ፉርጎ ይሁን። ሞተር አያስፈልግም፤ በጣት ግፉት። በቀጥታው ሂዱ፣ በቀጥታው ተመለሱ። በጠማማውም እንደዚያው። ከዚያ ፉርጎውን በጣታችሁ ወደ አፍንጫው ጎን ጫን እያደረጋችሁ አሳልፉት። ጠባቂው ሥራውን የሚሠራ ከሆነ ብትጫኑትም አፍንጫውን አይነካም። ከነካ 42ቷን መለኪያ አውጡና ጠባቂውን እንደገና በይዱ። ይህ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ይለቅ። ጓሮ ወጥቶ ጠጠር ከለበሰ በኋላ በጉልበት ተንበርክኮ መበየድ ለወገብም ለሥራውም አይበጅም።