የላቲኑን «ካፕሳ» ዝርያዎች እንዴት መከታተል ይቻላል?

የአንድን ቃል ዘር ለመከታተል አስቀድሞ የጥንት ትርጉሙን በትክክል መያዝ ያስፈልጋል። «ካፕሳ» በሮማውያን ዘንድ በተለይ ጥቅልል መጻሕፍት የሚቀመጡበት ክብ ሣጥን ሲሆን፣ «መያዝ» የሚል ትርጉም ካለው «ካፔሬ» ከተባለው ግሥ ጋር ይዛመዳል።

ቀጥሎ የድምፅ ለውጡን መርምሩ፤ ከትርጉም መመሳሰል ይልቅ አስተማማኙ ማስረጃ ይህ ነውና። በጣሊያንኛ «ፕ» በተከታዩ «ስ» ተውጦ፣ «ሳ»ው ጠብቆ የሚነበበው «ካሳ» ተገኘ። እጅግ የሚያስደንቀው ግን ፈረንሳይኛ ነው፦ «ክ» በ«አ» ፊት ወደ «ሽ» የተለወጠበት «ሻስ»፣ ማለትም የቅዱሳን አፅም ማኖሪያ፣ ከላቲን በቀጥታ የተወረሰ ሲሆን፣ «ክ»ን እንደያዘ የቀረው «ኬስ» ከደቡብ ፈረንሳዩ ቋንቋ ከፕሮቫንሳል የተወሰደ ነው።

የማሳነሻ ቅጥያዎችንም አትለፏቸው። «ካፕሱል» ከላቲኑ «ካፕሱላ»፣ «ካሴት» ደግሞ ከጣሊያንኛው «ካሴታ» በፈረንሳይኛ በኩል መጥተዋል፤ ሁለቱም «ትንሽ ሣጥን» ማለት ነበሩ። የእንግሊዝኛው «ካሽ» በበኩሉ ከገንዘብ ሣጥንነት ወደ ገንዘቡ ራሱ ተሸጋግሯል።

በመልክ መመሳሰል ግን አትታለሉ፦ እንግሊዝኛው «ኬዝ» ማኅደር ሲሆን ከ«ካፕሳ»፣ ጉዳይ ሲሆን ግን «መውደቅ» ከሚለው ግሥ ከወጣው «ካሱስ» የመጣ ነው።