የ12ኛ ክፍል ፎቶ፣ ገጠር ወጥቶ ለማንሳት

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ታውቁታላችሁ፤ ልጅ 12ኛ ክፍል ሲደርስ «ሲኒየር ፖርትሬት» የሚሉት ፎቶ አለ። ስቱዲዮ ውስጥ ከምታስቀምጡት ወደ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ገጠር ይዛችሁት ውጡ።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ጀምበር ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ጀምሩ፣ ቦታው ላይ ግን ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ምክንያቱም ያ ወርቃማ ብርሃን ሳታስቡት ነው የሚያልቀው። ፀሐይዋ ከልጁ ጀርባ ትሁን። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል፦ ካሜራው የኋላውን ብርሃን አይቶ ፊቱን ያጠቁረዋል፣ ልጁ ጠይም ከሆነ ደግሞ ጭራሽ መልኩ አይለይም። ስለዚህ ካሜራው ብርሃኑን ከፊቱ ላይ እንዲለካ አድርጉ። ብርሃን ወደ ፊቱ የሚመልስ ሰሌዳ (ሪፍሌክተር) ከሌለ ነጭ ካርቶንም ይሠራል። ሴት ልጅ ሐበሻ ቀሚስ ከለበሰች ግን ተጠንቀቁ፤ ብርሃን ሲበዛ ጨርቁ ነጭ ብቻ ሆኖ ይቀርና ሽመናው አይታይም። 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካላችሁ የሌንሱን ቀዳዳ (አፐርቸር) ኤፍ 2.8 ላይ አድርጉት፣ የሹተሩን ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ አታውርዱ።

እርሻው ባለቤት አለው፤ አንኳኩታችሁ አስፈቅዱ። የባቡር ሐዲድ ላይ ማንሳት ይቅርባችሁ፣ ሕገወጥም አደገኛም ነው። ረጅም ሳር ውስጥ መዥገር አይጠፋም፣ ቤት ስትገቡ እግራችሁን ፈትሹ።

ልጁ ካፈረ «ፈገግ በል» አትበሉት። እናቱን ትንሽ ራቅ አድርጓት (እሷ እያየችው ዘና አይልም)፣ ከዚያ አጥሩን ተደግፎ ስለ ኳስ ያውራ፣ እናንተ ዝም ብላችሁ አንሱ።