የጠመንጃ ካዝና ስትገዙ መጀመሪያ ሕጉን እዩ

አሜሪካ ውስጥ ለዒላማ ተኩስም ሆነ ለአደን ጠመንጃ ያላችሁ፣ ተጨማሪ ካዝና (ጥይት ተሞልቶ ጠመንጃው ላይ የሚገጠመውን) ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ዋሽንግተን ስቴት ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥም ወደ ስቴቱ ማስገባትም ከልክሏል። ኮሎራዶ ላይ ጣሪያው 15 ነው። ቴክሳስ ገደብ የለውም። ዋሽንግተን ስቴት፣ ሲያትል የሚኖር ሰው ጎረቤት ስቴት ኢዳሆ ተሻግሮ ባለ 30 ጥይት ካዝና ገዝቶ ቢመለስ፣ እዚያ ሽያጩ ሕጋዊ ቢሆንም ይዞት መግባቱ ወንጀል ነው። ስቴት ስትቀይሩም ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት አጣሩ። ለ10 ጥይት ተብለው የተሠሩ ጥሩ ካዝናዎች እንደ ልብ ይገኛሉ።

ጥራቱ ላይ ደግሞ ርካሽ አያታላችሁ። ጠመንጃ ሲነክስ (ጥይት ተሰንቅሮ አልተኩስ ሲል) ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የካዝናው ነው። ጥይቱን ከላይ የሚይዙትን ሁለት ጠርዞች እዩ፤ ከተጣመሙ ወይም ከተሰነጠቁ ተዉት። ባዶ ካዝና ውስጥ ጥይቱ የሚያርፍበትን በጣት ወደ ታች ጫን አድርጉ፤ ሞላው ሳይንገራገጭ መመለስ አለበት። እያንዳንዱ ላይ በማርከር ቁጥር ጻፉ። ተኩስ ሜዳ ላይ ደጋግሞ የሚያስቸግረው የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይለያል።

አንድ በጣም የምፈራው ነገር አለ። 5.56 እና 300 ብላክአውት የሚባሉት ሁለት የተለያዩ የጥይት ዓይነቶች አንድ ዓይነት ካዝና ውስጥ ይገባሉ። ብላክአውቱ በስህተት 5.56 ጠመንጃ ውስጥ ገብቶ ከተተኮሰ መሣሪያው ሊፈነዳ ይችላል። ሁለቱም ካሏችሁ የካዝናዎቹን ቀለም ለዩ፣ አንድ ቦርሳ ውስጥም አታስቀምጧቸው።