በሁለት መቅዘፊያ ጀልባ አቀዛዘፍ

ጀርባዎን ወደሚሄዱበት፣ ፊትዎን ወደ ጀልባው ኋላ አድርገው መሃል ላይ ይቀመጡ። የደንገል ታንኳ የለመደ ሰው መጀመሪያ ግር ይለዋል።

ጎንበስ ብለው ክንድዎን ይዘርጉ። የመቅዘፊያውን ጠፍጣፋ ጫፍ አቁመው ውሃው እስኪሸፍነው ብቻ ያስገቡ። ከዚያ በእግርዎ እየገፉ ይሳቡ፤ ጉልበቱ ከእግርና ከወገብ እንጂ ከክንድ አይመጣም። መጨረሻ ላይ እጀታውን ወደ ታች ጫን ሲሉት ጫፉ ይወጣል። በጣም ከጠለቀ ግን ውሃው ይይዘውና እጀታው ደረት ይመታል።

ባሉበት ለመዞር አንዱን ይሳቡ፣ ሌላውን ይግፉ። ከጀልባው ኋላ ፊት ለፊትዎ በሚያዩት ዛፍ አቅጣጫዎን ይጠብቁ፤ አልፎ አልፎም ዞር ብለው ይዩ።

ባሕር ዳር ላይ ጠዋት ይሻላል፤ ከሰዓት ነፋሱ ማዕበል ያነሳል። ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት አይጠጉ፤ ወራጁ ይስባል፣ ጉማሬም አለ።