ቢራቢሮ ዓሣ ጎንደር ላይ

ጂዳ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። የቤቱን ትልቅ የባህር ዓሣ አኳሪየም የምንከባከበው እኔ ነበርኩ፤ ቢራቢሮ ዓሣ የወደድኩትም እዚያ ነው። አሁን ጎንደር ማራኪ ሰፈር ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ አንድ አለኝ፤ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። እንዴት እንደምይዘው የሚጠይቀኝ ስለበዛ ልጻፈው አልኩ።

ከሁሉ በፊት ዝርያውን ለዩ። ቢራቢሮ ዓሣ ከ120 በላይ ዓይነት አለው። ብዙዎቹ ኮራል (ድንጋይ የሚመስል ሕይወት ያለው የባህር ፍጡር) እየለቀሙ ነው የሚኖሩት። ኬቶዶን ትሪፋሲያሊስ የሚባለውማ ከኮራል ሌላ የሚበላው የለም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያዬ እሱ ነበር። ሻጩ "ሁሉን ይበላል" አለኝ፣ አመንኩት። ሽሪምፕ ስጥልለት ጠጋ ብሎ ያይና ይመለሳል። በ16ኛው ቀን ጀርባው ሰልሎ ሞተ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

እናንተ ኬቶዶን ኦሪጋን ፈልጉ። ነጭ ነው፣ ወደ ኋላው ቢጫ፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለበት። ቀይ ባህርም ውስጥ ይገኛል። ስትገዙ "ፊቴ ይብላ" በሉ። ካልበላ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። 20 ሴንቲሜትር ስለሚደርስ አኳሪየሙ ከ400 ሊትር ባያንስ ጥሩ ነው። ኮራል ማሳደግ ካሰባችሁ ግን ይቅርባችሁ፤ ይለቅምባችኋል።

ቅዳሜ ገበያ የሚሸጠው የወጥ ጨው አይሆንም። ለአኳሪየም የተዘጋጀ የባህር ጨው ያስፈልጋል፣ ለአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ 35 ግራም ያህል። ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይሄድም። ስለዚህ የጎደለውን ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ሙሉ። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቶሎ ይጎድላል፤ እኔ መስታወቱ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ጠዋት ጠዋት እስከዚያ እሞላለሁ። ውሃው ውስጥ ከቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ዜሮ ሳይሆኑ ዓሣ አታስገቡ። ይህ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ለቢራቢሮ ዓሣ ግን ጥቂት ወር ብትታገሡ ይሻላል።

አሁን የእኛ አገር ነገር። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን እንደ ጂዳ ካለ የባህር ጠረፍ ከተማ በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። ጂዳ ላይ አንድ ፓምፕ ይበቃን ነበር፤ እዚህ ሁለት አድርጌያለሁ፣ የውሃው ፊት ሁልጊዜ እንዲናወጥ። አንዱ በባትሪ ይሠራል። ባለፈው ታኅሣሥ ማታ መብራት ሄዶ ሂተሩ ጠፋ። እማዬ ጋቢዋን አውልቃ ሰጠችኝ፣ አኳሪየሙን ዙሪያውን ጠቀለልነው፣ ላዩን ለአየር ክፍት ተውነው። መብራት ሲመጣ 23 ዲግሪ ላይ ነበር። ሌላ ጊዜ 25 ላይ ነው የምይዘው።

አዲስ ዓሣ ለአራት ሳምንት ለብቻው ይቆይ፤ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው በሽታ ካለ እዚያው ይታያል። የሚያስጨንቀው ደግሞ ምግቡ ነው። አፉ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ከስንጥቅ ውስጥ ለመልቀም የተሠራ ነው። ውሃ ላይ የተበተነ ምግብ ላይገባው ይችላል። እኔ ያልበሰለና ጨው ያልነካው ሽሪምፕ እንደ ክትፎ አደቀዋለሁ። ከዚያ ቀዳዳ የበዛበት የሞተ የኮራል ድንጋይ ወስጄ ቀዳዳው ውስጥ በጣቴ እጠቀጥቀዋለሁ። ድንጋዩን ከተደበቀበት ፊት ለፊት አስቀምጬ መብራቱን ቀንሼ እርቃለሁ። በሰዓት ውስጥ ካልነካው ውሃው እንዳይበላሽ አወጣዋለሁ።

ሦስት ቀን እንዲሁ አወጣሁ። በአራተኛው ቀን ከጥላው ወጣ። ድንጋዩ አጠገብ ቆሞ ጎኑን አዞረ፣ በአንድ ዓይኑ ቀዳዳውን አየ። አንዴ ነካ አደረገ። ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ተመልሶ ቀዳዳ በቀዳዳ ይለቅም ጀመር። እኔና እማዬ ትንፋሻችንን ይዘን ነበር።

መብላት ከጀመረ በኋላ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በትንሽ በትንሹ ስጡት።