ቱርቦ ናፍጣ ፎርዊል መኪና አልፎ አልፎ ጉልበት ሲያጣ፦ ዕቃ ከመቀየር በፊት

መኪናው ጠዋት ቸርችል ጎዳናን ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ ቤት ሳያንገራግር ይወጣል፤ ከሰዓት እዚያው ዳገት ላይ ቢረግጡት አልስብ ይላል። ጋራዥ ሲደርስ ደግሞ ደህና ነው። እንዲህ ያለ መኪና መጀመሪያ ፊልትሮ፣ ቀጥሎ ኢንጀክተር፣ ቀጥሎ ፖምፓ ይቀየርለትና ችግሩ እንዳለ ይቀራል። ጉልበቱ በጠፋባት ቅጽበት ሞተሩ ምን እንዳጣ ሳይታወቅ ዕቃ መግዛት ዕጣ ማውጣት ነው። ያጣው ከሦስቱ አንዱን ነው፦ ነዳጅ፣ አየር ወይም ሞተሩን የሚቆጣጠረውን ኮምፒውተር ትእዛዝ።

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በብዛት ከተማችን ውስጥ ለሚታዩት የፕራዶና የሃይሉክስ 3.0 ሊትር ዲፎርዲ ሞተሮች ናቸው። አካሄዱ ግን ለፓትሮልም፣ ለፓጄሮም፣ ለናቫራም ይሠራል።

ጉልበቱ እንዴት ነው የሚመለሰው?

መሣሪያ ከማንሳት በፊት ሾፌሩን ይህን ይጠይቁ። ከመልሱ ብዙ ይገኛል።

ሞተሩን አጥፍቶ ሲያስነሳው ወዲያው ከተስተካከለ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ሞተሩን ለመጠበቅ ጉልበት ቀንሶ ነበር ማለት ነው። የቱርቦ ግፊት ከልክ በላይ ወጥቷል ወይም አልወጣም፣ የነዳጅ ግፊት ወርዷል፣ ወይም የነዳጅ መርገጫው ሴንሰር ተሳስቷል። የቼክ ኢንጅን መብራት ባይበራም የብልሽት ኮድ ተመዝግቦ ሊሆን ስለሚችል ባትሪ ሳይነቀል ይነበብ። ባትሪ መንቀል ማስረጃ ማጥፋት ነው።

አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ቆሞ በራሱ ከተመለሰ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ታንኩ ነው። ታንክ ውስጥ ያለ ቆሻሻ በመሳቢያው ወንፊት ላይ ተለጥፎ ነዳጁን ያፍናል፤ ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ይቆምና ቆሻሻው ይረግፋል። ነዳጁ ሩብ ታንክ ሲደርስ የሚብስ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የታንኩን ክዳን ሲከፍቱ አየር ሽው ብሎ ከገባና መኪናው ከተስተካከለ ደግሞ የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኗል፤ በነጻ የተገኘ መፍትሔ ነው።

ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ረጅም ዳገት ላይ ብቻ ቀስ በቀስ የሚደክም ከሆነ፣ የተደፈነ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የተነፋፈሰ የአየር ቱቦ ወይም ውስጡ የተዘጋ ማርሚታ ይጠረጠራል።

የአዲስ አበባ ቁጥር

የጥገና መጻሕፍት የተጻፉት ለባሕር ጠለል ነው። እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት 77 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ እንጦጦ ላይ ወደ 70 ይጠጋል። ቁልፉን ከፍተው ሞተሩን ሳያስነሱ የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰሩን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካውን) ቢያነቡ 76 ወይም 77 ካለ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። መጽሐፉ 100 ይላል ተብሎ የተጣሉ ደህና ሴንሰሮች ጥቂት አይደሉም። አንዳንድ የስልክ አፕሊኬሽንም የቱርቦን ግፊት ሲያሰላ 101 ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሞተሩ ሳይነሳ ከዜሮ በታች 24 ያሳያል። ያ የአፑ ስህተት ነው።

ቱርቦው በቫኪዩም በሚንቀሳቀስ መኪና ላይም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ 0.9 ባር ቫኪዩም ቢጠይቅ፣ እዚህ ከተማ አየሩ ራሱ 0.77 ባር ስለሆነ የትኛውም ፖምፓ ያን አይሰጥም። 0.65 እስከ 0.7 ካገኙ የቫኪዩም ፖምፓው ደህና ነው።

ችግሩን በመንገድ ላይ መያዝ

ስካነር ወይም ኢኤልኤም 327 (የመኪናውን ኮምፒውተር ከስልክ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ መሣሪያ) ያስፈልጋል። ርካሹ መሣሪያ የሚያሳየው የተገኘውን ግፊት ብቻ ነው፤ የቶዮታውን የምርመራ ፕሮግራም ቴክስትሪም ወይም የቶዮታ ዝርዝር የሚያነብ ስካነር ካገኙ ኮምፒውተሩ የጠየቀውንም ያሳያል፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ስድስት ነገር ብቻ ይምረጡ፦ የነዳጅ ግፊት (የተጠየቀውና የተገኘው)፣ የማኒፎልድ ግፊት (የተጠየቀውና የተገኘው)፣ የመርገጫው መቶኛ እና የሞተሩ ዙር። ብዙ ከመረጡ ንባቡ ይዘገይና ዋናዋን ሰከንድ ይዘላታል።

እሑድ ማለዳ መንገዱ ክፍት ሲሆን ቸርችልን ይሞክሩ፤ ረጅም ጭነት ካስፈለገ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ይሻላል። በሦስተኛ ማርሽ፣ ከ1,800 ዙር ጀምሮ ሙሉ ይረገጥ። ስክሪኑን የሚያየው ሁለተኛ ሰው ነው፤ ሾፌሩ መንገዱን ይይ።

ንባቡ ሲመረመር ጉልበቱ ከጠፋ በኋላ ያለውን ትተው ከዚያ በፊት ያሉትን ሁለት ሦስት ሰከንዶች ይዩ። ኮምፒውተሩ አንዴ ጉልበት ከቀነሰ ሁሉም ቁጥር አብሮ ስለሚወርድ ከዚያ ወዲያ ያለው ያሳስታል።

የተገኘው የነዳጅ ግፊት ቀድሞ ከተጠየቀው ወርዶ የቱርቦው እስከዚያ ደህና ከነበረ፣ ችግሩ ነዳጅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኮዱ ፒ0087 ይሆናል። የነዳጁ ተከትሎ እየሄደ የቱርቦው ካልወጣ አየር ነው፤ ፒ0299። ቱርቦው ከተጠየቀው አልፎ ወጥቶ ከተቆረጠ ፒ0234 ነው። ሁለቱም የተጠየቁት ቁጥሮች በአንድ ጊዜ ከወደቁና እግር ሳይነሳ የመርገጫው መቶኛ ከዘለለ፣ መርገጫውን ወይም ሽቦውን ይፈትሹ።

ነዳጅ ከሆነ

የዚህ ሞተር የነዳጅ ግፊት ሚኒሞ ላይ (መርገጫው ሳይነካ ሲሠራ) ከ30 እስከ 40 ሜጋፓስካል፣ ሙሉ ጭነት ላይ ከ130 በላይ ነው። ስለዚህ በአሮጌው ላንድክሩዘር ሞተር ላይ እንደተለመደው የኢንጀክተር ቧንቧ ዳዶ አላልቶ ማዳመጥ እዚህ ክልክል ነው። የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ እጅ ያስቆርጣል።

ከፊልትሮው ሥር ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር ያህል ወደ ንጹሕ የብርጭቆ ጠርሙስ ቀድተው ለ20 ደቂቃ ያስቀምጡ። ውሃ ካለ ከታች ይለያል፤ ዝገትና ጥቁር ዝቃጭም ይታያል። ፊልትሮውን ከቀየሩ አሮጌውን ቆርጠው ወረቀቱን ይዩት። አዲሱን ፊልትሮ ከሶማሌ ተራ ሲገዙ የውሃ ሴንሰሩ የሚገባበትን ጥርስ ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ፤ ኮፒው ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው እዚያ ላይ ነው። በትክክል ካልገጠመ አየር ይስባል።

አየር መሳብ ተንኮለኛ ችግር ነው፤ ናፍጣ አይንጠባጠብም፣ ምንም አይታይም። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው በሚሄደው መስመር ላይ አንድ ስንዝር ጥርት ያለ የናፍጣ ላስቲክ ያስገቡና ሞተሩን ወደ 3,000 ዙር ያድርሱ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረፋ ቢያልፍ ያለ ነው፤ ሳይቋረጥ የሚያልፍ አረፋ ግን ከታንኩ እስከ ፊልትሮው የተሰነጠቀ ላስቲክ፣ የላላ ፋሼታ ወይም ያረጀ የእጅ ፖምፓ አለ ማለት ነው። አረፋ ሳይኖር የነዳጁ ግፊት ከወረደ፣ እዚያው ቦታ የቫኪዩም ጌጅ ያስገቡ። ችግሩ ሲመጣ ጌጁ ከተለመደው በላይ ከሳበ ከኋላ የሆነ ነገር ተደፍኗል። ጌጁ ካልተንቀሳቀሰና ግፊቱ ከወደቀ ግን ወደ ፖምፓው ይሂዱ።

ፖምፓው ላይ መጀመሪያ የሚታየው ነዳጅ የሚመጥነው ቫልቭ ነው፤ ገበያው ላይ በኤስሲቪ ይታወቃል። ሞተሩ ሲሞቅ ሚኒሞ ከፍ ዝቅ ካለ ወይም መኪናው ቆሞ ከጠፋ ጥሩ ተጠርጣሪ ነው። በሞተር ቅዝቃዜ፣ 20 ዲግሪ አካባቢ፣ በሁለቱ እግሮቹ መካከል ከ1.9 እስከ 2.3 ኦም መነበብ አለበት። ይህን ቢያሳይም መጣበቅ ይችላል፤ ኦሙ ስለ መጠምጠሚያው እንጂ ስለሚንሸራተተው ክፍል አይናገርም። ኢንጀክተር ከመጠርጠር በፊት ከየኢንጀክተሩ የሚመለሰው ናፍጣ በአራት ጠርሙስ ይለካ፤ አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ከበለጠ እሱ ነው።

አየር ከሆነ

የፕራዶና የሃይሉክሱ ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ሞተሩ አናት ላይ ነው፤ ላስቲኮቹ ሙቀት ይበላቸዋል። ዘይት የወዛ መገጣጠሚያ ካዩ እዚያ ይተነፍሳል። ቆሞ የማይታይ ስንጥቅ ግፊት ሲመጣ ብቻ ስለሚከፈት፣ ከቱርቦው መግቢያ ዘግተው ከ0.7 ባር ሳያልፉ አየር ይንፉና የሳሙና ውሃ ይቀቡ። ከአየር ፊልትሮው ወደ ቱርቦው የሚሄደውን ቱቦ ውስጡንም በእጅ ይዳስሱ፤ የተላቀቀ የውስጥ ሽፋን በጭነት ጊዜ ተስቦ መንገድ ይዘጋል። በክረምት የረጠበ የወረቀት ፊልትሮም እንዲሁ ያደርጋል።

ቱርቦው ከልክ በላይ ከወጣ የሚጠረጠሩት ተንቀሳቃሽ ክንፎቹ ናቸው። ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሲያዘግም የሚውል መኪና ጥላሸት ይሰበስባል፤ ክንፎቹ ይጣበቁና ድንገት ሲረገጥ አይከፈቱም። ቫኪዩም ዓይነት ከሆነ በእጅ በሚሠራ የቫኪዩም ፖምፓ ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ክንፎቹን የምታንቀሳቅሰው ዘንግ ሳትንቀጠቀጥ ሙሉ መንገዷን ሄዳ መመለስ አለባት፤ ቫኪዩሙም ለአንድ ደቂቃ ሳይወርድ መቆየት አለበት። በኤሌክትሪክ የሚሠራው በስካነር ትእዛዝ ይፈተናል። የአየር መጠን ሴንሰሩን በራሱ ማጽጃ ብቻ ያጽዱ፤ በቤንዚን አይሆንም።

ትእዛዝ ከሆነ

ቁልፍ ከፍተው መርገጫውን በጣም ቀስ ብለው እስከ ታች ይጫኑ። ሁለቱ ሴንሰሮች ሳይረገጥ 0.8 እና 1.6 ቮልት አካባቢ ይጀምሩና አብረው መውጣት አለባቸው፤ አንዱ በመሐል ከወደቀ መርገጫው ይቀየራል። ሞተሩ እየሠራ መብራትና አየር ማቀዝቀዣ ከፍተው ከሞተሩ ብረት እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ይለኩ፤ ከ0.1 ቮልት ከበለጠ የመሬት ሽቦው ይታይ። ከዚያ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ እያወዛወዙ ንባቡን ይከታተሉ።

ጥገናው ሲያልቅ ኮዱን ያጥፉ፤ ኤስሲቪ ወይም ፖምፓ ተቀይሮ ከሆነ ኮምፒውተሩ አዲሱን እንዲለምድ በስካነር ያስተምሩት። ከዚያ ችግሩ በታየበት የነዳጅ መጠን፣ በዚያው ዳገት፣ በዚያው ማርሽ ደግመው ይቅረጹና ሁለቱን ንባቦች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የተገኘው ግፊት የተጠየቀውን እስከ ዳገቱ ጫፍ ካልተከተለ መኪናው ገና አልተሠራም።