በመከራ ጊዜ ደስታን የሚነጥቁን ስህተቶች

ጅማ ውስጥ አማኞች ለቅሶ ቤት የገባ ሰው አንድ ቃል ሳይሰማ አይወጣም፦ «በቃ፣ አታልቅሺ። አንቺ እኮ አማኝ ነሽ።» የሚናገረው ሰው ክፉ አስቦ አይደለም። ልጇን ቀብራ ለተመለሰች እናት ግን ይህ ሌላ ሸክም ነው። ሀዘኑ ሳያንሳት እምነቷንም መጠራጠር ትጀምራለች። ክርስትና ለተጨነቀ ሰው ደስታ እንደሚሰጥ በሙሉ ልቤ አምናለሁ። ያ ደስታ ግን ከእንባ ጋር አብሮ መኖር ይችላል። ይህን ስንረሳ ነው የምንሳሳተው።

እንባን የእምነት ጉድለት አድርጎ መቁጠር

ከሁሉ የከፋው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አልዓዛር ከተቀበረ አራት ቀን ሆኖታል። ኢየሱስ ሊያስነሳው እንደመጣ ያውቃል። ሆኖም የአልዓዛር እህት ማርያምና አብረዋት የነበሩት ሲያለቅሱ ባየ ጊዜ «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ» ይላል ዮሐንስ 11፥35። መጨረሻውን የሚያውቀው ጌታ ካለቀሰ፣ እኛ ማንን ነው የምንከለክለው?

ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው ታስሮ ነው። አራት ምዕራፍ ብቻ ባላት መልእክት ውስጥ «ደስ ይበላችሁ» የሚለው ደጋግሞ ይመጣል። በዚያችው መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ ግን ባልንጀራው አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ እንደነበር ይነግረናል። ቢሞትበት ኖሮ «ኀዘን በኀዘን ላይ» ይጨመርበት እንደነበር አይደብቅም። ሁልጊዜ ደስ ይበላችሁ ያለው ሰው ሀዘን የማይነካው ሰው አልነበረም።

ዳዊት የሚደግም ሰውም ይህን ያውቃል። «እስከ መቼ» በሚል ሮሮ የጀመረው መዝሙር በጥቂት ቁጥሮች ውስጥ ምስጋና ላይ ይደርሳል። እኛ ግን ከሮሮው እስከ ምስጋናው ለመድረስ ዓመት ሊፈጅብን ይችላል። ይፍጅ። እግዚአብሔር አይቸኩልብንም።

«ምን አድርጎ ይሆን?» ብሎ መመርመር

የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ መልካም አጽናኞች ነበሩ። የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው ኃጢአቱን መፈለግ ሲጀምሩ ነው። በመጨረሻም እግዚአብሔር ራሱ ተቆጣቸው።

እኛም ጋ ሰው ሲታመም ወይም ንግዱ ሲከስር የኋላ ታሪኩ ይመረመራል። ብዙ ጊዜ ምርመራው የሚከፋው ግን ሰውየው ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ በራሱ ላይ ሲያደርገው ነው። በእርግጥ የሚከብደው ነገር ካለ ለንስሐ አባቱ ወይም ለፓስተሩ ይናዘዝ፣ ያርፍበታል። የሌለ ጥፋት ፍለጋ ግን ሰውን ያደርቃል እንጂ ወደ እግዚአብሔር አያቀርብም።

መከራውን ራሱን መልካም ነው ማለት

በጅማ ዙሪያ ላለ ገበሬ የኑሮው ተስፋ ቡናው ነው። ዛፉ ፍሬ ካልያዘ፣ እሸቱ በጊዜው ካልተለቀመ፣ ወይም ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀው ቡና፣ ዋጋ ካጣ የልጆች ልብስና ደብተር፣ የዘመድ ሠርግ፣ የቤት ቆርቆሮ ሁሉ ይንገዳገዳል። ነቢዩ ዕንባቆም እንዲህ ያለውን ሰው በደንብ ያውቀዋል። በለስ ባታፈራ፣ በወይን ሐረግ ፍሬ ባይገኝ፣ በበረት ውስጥ ላሞች ባይኖሩ እያለ ጉድለቱን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ጎተራው ባዶ መሆኑን ጥሩ ነገር ነው አይልም። ከዚያ በኋላ ነው «እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል» ያለው።

ስለዚህ ለከሰረ ሰው «ለበጎ ነው» ለማለት አንቸኩል። አንድ ቀን ራሱ ቢለው ያምርበታል። ከእኛ አፍ ሲመጣ ግን፣ በተለይ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ያቆስላል።

«ይሄ ይለፍና ከዚያ ደስ ይለኛል» ማለት

ጳውሎስና ሲላስ ተገርፈው፣ እግራቸው ከግንድ ጋር ተጠርቆ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ዘመሩ። የወኅኒው በር የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ጀርባቸው ገና አልዳነም ነበር። ደስታ ትንንሽ ልማድ ይፈልጋል፦ ጠዋት ቡናው እስኪፈላ አንድ መዝሙር ማንበብ፣ ማታ ደግሞ ከልጆች ጋር አንድ ዝማሬ። ልብ ባይከተል እንኳ አፍ ይጀምር።

ብቻን መሸከም

«ሰው አላስቸግርም» ማለት ጨዋነት ይመስላል። ጳውሎስ ግን ከፊልጵስዩስ የተላከለትን ተቀበለ። «በመከራዬ ከእኔ ጋር ስለ ተካፈላችሁ መልካም አደረጋችሁ» ብሎም ጻፈላቸው። ጅማ ሆስፒታል ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከዳውሮ ድረስ ታማሚ ይመጣል። ከተማው ውስጥ ዘመድ የሌለው አስታማሚ ብዙ ነው። ቤታችሁ ቅርብ ከሆነ ምሳ ቋጥራችሁ ሂዱ፣ የማታውቁትን ሰው ጠይቁ። እናንተም ተራው ሲደርስባችሁ በራችሁን አትዝጉ። እዚህ አገር ሙስሊም ጎረቤት ለክርስቲያን ወዳጁ ለቅሶ ይደርሳል፣ ድንኳን ሲተከልም አብሮ ያግዛል። ይህንንም ከእግዚአብሔር እንደመጣ ማጽናኛ ተቀበሉት።

በጸሎት ስም መድኃኒት ማቋረጥ

ጳውሎስ ሉቃስን «የተወደደው ባለ መድኃኒት» ይለዋል። ጸበሉም ጸሎቱም ይቀጥል፣ የስኳሩ ወይም የደም ግፊቱ ክኒንም ይቀጥል። ሀዘኑ ሰንብቶ እንቅልፍና ምግብ የነሳው፣ ወይም መኖር የጠላ ሰው ካለ ቶሎ ይዛችሁት ሂዱ። ብቻውንም አትተዉት። ጅማ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ወደዚያ መሄድ እምነትን መካድ አይደለም። የሚጾም ታማሚ ደግሞ የጾም ሰዓቱን ለሐኪሙ፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ለንስሐ አባቱ ይንገር።